ለጨረታ የቀረበ ጉንጭ

ሐዋሳ መናኸሪያ ሻንጣ ይዞ የገባ ሰው ሽበሺን ሳያውቀው አይወጣም። ተራ አስከባሪ ነው። የትኛው ሚኒባስ ቀድሞ እንደሚጭን፣ የትኛው ተሸካሚ በየትኛው በር እንደሚቆም፣ ማን ጥላ ሥር ማን ፀሐይ ላይ እንደሚቀመጥ የሚወስነው እሱ ነው። በደንቡ የሚወስነው ማኅበሩ ነው ይባላል። እኔ ግን ደንብ ሰው ሲያደማ አይቼ አላውቅም፤ ያየሁት የሽበሺን ቡጢ ነው።

ዕፀገነት እባላለሁ። ከመናኸሪያው በር ፊት ለፊት ሞንታርቦና ማይክ አከራያለሁ፤ ለሰርግ፣ ለጉባኤ፣ ለታመመ ሰው መዋጮ ለሚለምኑ። ሱቄ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ዕድሜዬን የዚህን ሰው ክንድ ሳይ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ስለ እሱ ሳወራ ረጋ በይ የሚለኝ ካለ አስቀድሞ ይሂድልኝ። ማርቆስ የሚባለውን የዲላ ሚኒባስ ሾፌር ከመሪው ላይ ጎትቶ አውርዶ፣ ሁለት ጥርሱን አራግፎ፣ ጥርሶቹን ከመሬት ለቅሞ በመዳፉ አስጨብጦት፣ «ተራህ ከሰዓት ነው» ያለው በዓይኔ ፊት ነው። ማርቆስም ከሰዓት አፉን በጨርቅ ይዞ በተራው ጫነ።

ሽበሺ እንዲህ ሆኖ አልተወለደም። ከገጠር የመጣው ገና ጢም ሳያበቅል ነው፤ እዚሁ ተሸካሚ ሆነ። ያኔ የነበሩት ተራ አስከባሪዎች ይደበድቡት ነበር። አንድ ክረምት ጎድኑን ሰብረውት ከቆመ አውቶቡስ ሥር ተኝቶ ነው ያገገመው፤ ሐኪም ቤት የወሰደውም፣ ለምን ተመታ ብሎ የጠየቀም አልነበረም። ሲሻለው ከሥር ወጥቶ መጀመሪያ ያገኘውን መታ። የተመታው ሸሸ፤ ቦታው ባዶ ሆነ፤ ሽበሺ ቆመበት። የተማረው ትምህርት ይኸው ነው፣ ሌላ ያስተማረው የለም።

ብቻውን ታቦር በኩል አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ሸሚዙን ራሱ ያጥባል፣ ራሱ ይተኩሳል። ሁልጊዜ ነጭ ነው። ሰው ሊመታ ሲል መጀመሪያ እጅጌውን ወደ ላይ ይሰበስባል፣ እንዳይቆሽሽበት። እኛም እጅጌው ሲሰበሰብ ስናይ ዕቃችንን መሰብሰብ ለምደን ነበር።

ያቤጽ ግን አልለመደም። ያቤጽ ከሱቄ ጎን የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የተቀደደ ሻንጣ የሚሰፋ፣ ዚፕ የሚቀይር ወጣት ነው። ግራ ዓይኑ በልጅነቱ በኩፍኝ ጠፍቷል። ያን ጊዜ እናቱ እማማ ሙሉዓለም «ታያለህ ወይ?» ሲሉት፣ እንዳያዝኑበት «አያለሁ» ይላቸው ነበር። እሳቸውም አምነውት ከረሙ። ሲነቁበት ሐኪሙ መዘግየታቸውን ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ እማማ ሙሉዓለም በምንም ነገር ልጃቸውን ያምኑታል፣ በዓይን ነገር ግን ቃሉን አይቀበሉም።

የተመታው በቀትር ነው። አዲስ የሚኒባስ ተራ ሊከፈት ስለሆነ ሽበሺ መጥቶ «መኪናህን አንሳ» አለው። ያቤጽ ቀና ሳይል «ይቺን ዚፕ ልጨርስ፣ ባለቤቷ ቆማለች» አለ። ክፋት አልነበረውም፤ ደንበኛዋም እዚያው ቆማ ነበር። ሽበሺ እጅጌውን ሰበሰበ።

«ሽበሺ፣ ተው» አልኩ።

አንድ ጊዜ ነው የመታው። ቡጢው በደህናው ዓይን ላይ አረፈ፤ የያቤጽ ጭንቅላት ከስፌት መኪናው ጎማ ጋር ተላትሞ ወደ ጎን ወደቀ። ከቅንድቡ የወረደው ደም የሰው ሻንጣ ላይ ፈሰሰ። አልጮኸም። ተንበርክኮ መርፌውን መሬት ላይ መፈለግ ጀመረ። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ መርፌው ከጉልበቱ ፊት ያብለጨልጫል፣ እሱ እጁን ወዲያና ወዲህ እያሻሸ አስፋልቱን ይዳብሳል። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ሽበሺም የገባው ያኔ ይመስለኛል፤ የተሰበሰበውን እጅጌ ሳያወርድ ቆሞ ቀረ።

ሐኪሙ ከዓይኑ ኋላ ያለው ስስ ሽፋን ከቦታው መላቀቁን ነገረን። አዲስ አበባ ሄዶ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካገኘ ተስፋ አለው፤ ከዘገየ ግን ለዘለዓለም ጨለማ ነው። ወጪውን ሲነግረን እማማ ሙሉዓለም ግድግዳውን ይዘው ተቀመጡ። እሳቸው እዚሁ ሐዋሳ አዲስ ከተማ ገበያ ቆጮ ሻጭ ናቸው።

ፖሊስ ሽበሺን ይዞት ነበር፤ በዋስ ተለቀቀ። ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ሰው ሁሉ እማማ ሙሉዓለም «ይታሰርልኝ» ይላሉ ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ግን «ፍርድ ቤቱ የራሱን ይፍረድ» አሉ። «እሱ ቢታሰር ልጄ ምን ያይበታል? የወሰደውን ዓይን ይዞልኝ ይምጣ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሃጂ አብዱልፈታህ ናቸው፣ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴው። ለመስጊድ ጣሪያ መዋጮ ሲሰበሰብ አንዱን ዶሮ ደጋግመው በጨረታ የሸጡ ሰው ናቸው፤ ያሸነፈው ሁሉ ዶሮውን መልሶ ለጨረታ ይሰጣል፣ ሃጂም መልሰው ይሸጡታል። ዶሮው በመጨረሻ ሰልችቶት በረረ ይባላል። ውሳኔውን የተናገሩት እሳቸው ነበሩ። «ያለህን ትሸጣለህ። የጎደለውን መናኸሪያው በር ላይ ቆመህ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በራስህ አፍ ትለምናለህ። የሚለምንልህ ሰው አይኖርም።»

ሽበሺ ቴሌቪዥኑን ሸጠ። አልጋውን ሸጠ፣ መሬት ላይ መተኛት ጀመረ። ካውያውን ብቻ አስቀረ።

ልመናው ላይ ግን ተበላሸ። ይህ ሰው ዕድሜ ልኩን ከሰው ብር የተቀበለው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ሄዶ ፊት ለፊት መገተር። ልመናንም እንደዚያው አደረገው። እጅጌውን ሰብስቦ በየሚኒባሱ መስኮትና በየሱቁ ደጃፍ እየቆመ «የያቤጽ ዓይን» ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። ሰው የኪሱን ያወጣል። አንድ ብርቱካን ሻጭ «አሁን እኮ ሰጠሁ» ቢለው ብርቱካኑን በእርግጫ አስፋልቱ ላይ በተነበት። ከዚያ ብሩን በፌስታል ሞልቶ ገበያ ድረስ ለእማማ ሙሉዓለም ወሰደላቸው። ሠራሁ ብሎ ነው የሄደው፣ ፊቱ ሁሉ በርቶ ነበር አሉ።

«ማን ሰጠህ?» አሉት።

«ሁሉም።»

«ወደው?»

ሽበሺ ትንሽ አሰበ። «ሰጡ» አለ።

እማማ ሙሉዓለም ፌስታሉን ደረቱ ላይ ወረወሩበት። «በዱላ የተለቀመ ብር ልጄ ዓይን ውስጥ አይገባም። ለየባለቤቱ መልስ።»

ሲመልስም ጉድ ነው ያየነው። ሰው ሌላ ወጥመድ መስሎት አልቀበልም አለ። ሽበሺ አንዱን በጥፊ አጩሎ አስጨበጠው። እኔ በረንዳዬ ላይ ሆኜ ሳቅሁ፣ ወዲያው ደግሞ አናደደኝ፤ ያቤጽ በጨርቅ የተሸፈነች መኪናውን ተደግፎ ተቀምጦ የጥፊውን ድምፅ ሲሰማ ደንግጦ ፊቱን በክንዱ ሲሸፍን አየሁት። ከየት እንደመጣ አላየም፣ ስለዚህ ለእሱ የተሰነዘረ መስሎታል። ከተመታ ወዲህ ድምፅ በሰማ ቁጥር እንደዚያ ነበር የሚሆነው፤ ሁልጊዜ ከድምፁ በኋላ።

በነጋታው ሽበሺ ሱቄ መጣ። «ሞንታርቦ አከራዪኝ።»

«ለአንተ አላከራይም» አልኩት። «ለያቤጽ ግን በነፃ ውሰድ።»

በሩ ላይ አቆምንለት። የያቤጽን ፎቶ በትልቁ አሳትመን ሰቀልን። መዋጮ የሚለምን ሰው መዝሙር ያስቀድማል፣ «ወገኖቼ» ይላል፣ ይመርቃል። ሽበሺ ማይኩን አፉ ላይ ለጥፎ «ስጡ» አለ፤ ዝም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ስጡ።» ሰው ክብ ሠርቶ እጁን አጣምሮ ያየዋል። ፊታቸው ላይ ደስታ ነበር፤ ሽበሺ ሲለምን ማየት፣ ለምኖም ማጣቱን ማየት። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ሲሄዱ እጃቸው የሚፈታ ሰዎች ናቸው እኮ! ሽበሺን የቀጣን መስሎን ያቤጽን ልናጨልመው ነበር። ሐኪሙ የሰጠው ጊዜ እያለቀ ነው፤ ፎቶው ሥር የተቀመጠው ካርቶን ግን ባዶ ነው።

ማርቆስ ከሚኒባሱ ወርዶ መጣ፣ ያ ጥርሱ የረገፈው። «እኔ እሰጣለሁ» አለ ጮክ ብሎ። «ግን በጥፊ ላጩልህ።»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ሽበሺ አልሳቀም። ማይኩን ሞንታርቦው ላይ አስቀመጠ። ሸሚዙን ፈታ፣ አወለቀ፣ በደንብ አጣጥፎ ለእኔ ሰጠኝ። በካናቴራ ቆሞ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቀበቶውን ያዘ። «ና» አለው።

ማርቆስ ፊቱ ነጣ። ለቀልድ ነበር የተናገረው። ያን ጊዜ ሃጂ አብዱልፈታህ ከሱቃቸው ወጥተው ማይኩን አነሱ። «ስንት ትሰጣለህ?» አሉት። ማርቆስ ተናገረ። «ከዚህ የሚበልጥ አለ?» አሉ ሃጂ ወደ ሕዝቡ ዞረው። «ይህ ጉንጭ ለያቤጽ ዓይን ለጨረታ ቀርቧል። በመዳፍ ብቻ! ጉንጭ ላይ ብቻ! ዓይን የነካ ከፍሎም ይባረራል፤ ስለ ዓይን ተሰብስበን ዓይን አናጠፋም።»

አለ ወይ? ከየሱቁ፣ ከየባጃጁ፣ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ እጅ ወጣ። ማርቆስ የመጀመሪያውን አሸነፈ። መታው፣ ግን ፈርቶ ነው፣ ዝንብ የሚያባርር ነበር የሚመስለው። ሽበሺ «ከፍለሃል፣ ምታ» አለው። ሁለተኛው ጥፊ መናኸሪያውን አስተጋባው። ማርቆስ እጁን እያየ ወደ ሚኒባሱ ሲሄድ ያለቅስ ነበር፤ ለምን እንደሚያለቅስ ግን የሚያውቅ አይመስልም ነበር።

ከዚያ በኋላ ማቆሚያ ጠፋ። ብርቱካን ሻጩ መታው። ቦታዋን የነጠቃት የሻይ ነጋዴ መታችው፣ ቀለበቷን አውልቃ ኪሷ ከትታ። ሽበሺ በኩርኩም ያባረረው ተሸካሚ ከጓደኞቹ ጋር አዋጥቶ መታው። ሃጂ ልክ እንደ ዶሮው ጉንጩን እየገለበጡ ይሸጡታል፤ አንዴ ቀኙ፣ አንዴ ግራው። የሽበሺ ፊት አብጦ ከንፈሩ ተሰነጠቀ፣ ካናቴራው ላይ ደም ተንጠባጠበ። ካርቶኑ ሞልቶ ሌላ ካርቶን መጣ። ዕድሜ ልኬን መዋጮ ሲለመን ሰምቻለሁ፤ ሰው ለርኅራኄ እንዲህ ተሻምቶ ሲሰጥ አላየሁም።

እኔም ተጫረትኩ። ሦስት ሞንታርቦ ሰብሮብኛል፣ አንድም ቀን ይቅርታ አላለኝም። ተራዬ ደርሶ መዳፌን ሳሳርፍበት ጉንጩ ይግል ነበር። ደስ አለኝ፤ ክንዴ እስኪነዝረኝ ድረስ ደስ አለኝ። ማንም መጥቶ ቅር ይበልሽ እንዳይለኝ፣ ቅር አላለኝም።

ከዚያ አንድ የማላውቀው ጎረምሳ ጨረታውን አሸነፈና በመዳፍ ፈንታ ቡጢ ሰነዘረ። ቅንድቡ ላይ ነው ያገኘው። ደሙ ዓይኑ ውስጥ ገባ። የሽበሺ ክንድ ከቀበቶው ተላቆ ወደ ላይ ወጣ፣ ለብዙ ዓመት የለመደውን ነው ያደረገው፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተግተልትሎ የሻዩን በራድ ገለበጠ። ጎረምሳው መሮጥ አቅቶት ቆሞ ቀረ። ሽበሺ በደም ውስጥ በጭላንጭል ወደ ያቤጽ ፎቶ አየ። ከዚያ ክንዱን ቀስ ብሎ አወረደ፣ ወደ ኋላው መለሰ፣ ቀበቶውን ያዘ። ጎረምሳውን ተሸካሚዎቹ እየረገጡ ከበሩ አስወጡት፤ ሃጂ እንኳ «ተው» አላሉም።

ሰዉ መሀል ለመሀል ተከፈለ። እማማ ሙሉዓለም እየመጡ ነበር።

እሳቸው ቀጭን ናቸው፣ ነገር ግን ዕድሜ ልካቸውን እንሰት ሲፍቁ የኖሩ ሴት ናቸው። ክንዳቸው ገመድ ነው። ማንም ሊጫረትባቸው አልደፈረም። ሃጂ ማይኩን ከአፋቸው አርቀው «ለእርስዎ በነፃ ነው» አሏቸው።

«በነፃ አልፈልግም» አሉ እማማ ሙሉዓለም። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ያለውን ሁሉ ካርቶኑ ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ሽበሺ ፊት ቆመው ረጅም ጊዜ አዩት። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ።

«አሁን አልመታህም» አሉት። «ልጄ ሲያይ እመታሃለሁ። ከፍያለሁ፣ የእኔ ነው።»

በሳምንቱ ያቤጽ ከእህቱ ከሃሴት ጋር አዲስ አበባ ሄደ። የተረፈውን ገንዘብ ሃጂ ዓይን ሕክምናው ደጅ ለተቀመጡ የገጠር ሰዎች እንዲሆን ሰጡት፤ እናቱ ናቸው እንዲያ ይሁን ያሉት። እሳቸው አብረው አልሄዱም፤ ገበያውን ቢተዉ የቤት ኪራይ ማን ይከፍላል? ያቤጽ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሽፋኑ እንዲጣበቅ ተብሎ ዘመድ ቤት በግንባሩ ተደፍቶ ሰነበተ። እማማ ሙሉዓለም እየደወሉ «ታያለህ?» ይሉታል፤ «አያለሁ፣ እማዬ» ይላል። ስልኩን ዘግተው ሱቄ በረንዳ ላይ ይቀመጣሉ። «ያኔም እንደዚሁ ነበር የሚለኝ» ይሉኛል።

ሽበሺ ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚገባውን አውቶቡስ ሁሉ እየጠበቀ ይቆማል። ሥራውን አልተወም፤ ተራ ያስከብራል። ግን እጅጌውን ሲሰበስብ አላየሁትም። ሰው ግን አሁንም ይፈራዋል፣ እኔም እፈራዋለሁ፤ ክንዱ ያው ክንድ ነው። አንድ ቀን እማማ ሙሉዓለም ሲያልፉ ጠራቸውና «የዚያን ቀን» አለ፣ «ሲመቱኝ ‹ልመታህ ነው› እንዳይሉኝ። ድምፅም እንዳያሰሙ።» እሳቸው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። እኔ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

አውቶቡሱ ሲገባ ቀትር ነበር። ያቤጽ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ የእህቱን ትከሻ ይዞ ወረደ። እማማ ሙሉዓለም አላቀፉትም። ፊት ለፊቱ ቆሙ።

«ታያለህ?»

«አያለሁ፣ እማዬ።»

«መነጽርህን አውልቅ።»

አወለቀ። ቀኝ ዓይኑ ቀልቷል፣ እንባ ያቀርራል፣ የትም ላይ ያላረፈ ይመስላል። እማማ ሙሉዓለም ዘወር ብለው ሽበሺን በእጅ ጠሩት። ሽበሺ መጥቶ ከያቤጽ ፊት ለፊት ቆመ፣ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቀበቶውን ያዘ። አንድም ቃል አልተናገሩም። መናኸሪያው ጸጥ አለ፤ ረዳቶቹ እንኳ መጥራት አቆሙ።

እማማ ሙሉዓለም ክንዳቸውን አነሱ። ያ የእንሰት ክንድ ከፍ ብሎ ወጣ፣ ያለ ድምፅ። እሳቸው ሽበሺን አያዩም፤ ልጃቸውን ነው የሚያዩት። እኔም ያቤጽን አየሁ። መዳፋቸው መውረድ ሲጀምር ያቤጽ አንገቱን ሰብሮ፣ ያቺን ቀይ ዓይን ጭምቅ አድርጎ ጨፈናት። ከዚያ ነው ጥፊው ያረፈው፣ ከዚያ ነው ድምፁ የተሰማው። ሽበሺ በጎኑ አስፋልቱ ላይ ተዘረረ።

እማማ ሙሉዓለም ልጃቸው አንገት ላይ ተጠምጥመው በሲዳምኛ የሚያወሩትንና የሚያለቅሱትን አልሰማሁም። ሽበሺን ለማንሳት ጎንበስ ብዬ ነበር። ዓይኑ በእንባ ተሞልቶ፣ ከአፉ ደም እየወረደ፣ የሸሚዜን ጫፍ ይዞ ሳበኝ።

«ዓይኑን ጨፈነ?» አለኝ።

«ጨፈነ።»

«ሳይመቱኝ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«በፊት» አልኩት። «ከድምፁ በፊት፣ አይቶ።»

ሸሚዜን ለቀቀና ተነስቶ የያቤጽን ሻንጣ ተሸከመ።